ጣቷን ያነሳችባት ኳስ

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ልጄ ሐያት ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የሴቶች ቴኒስ ማጣሪያውን አለፈች። እኔ ግን ደስታው አልዋጥልሽ ብሎኛል። በማጣሪያ የመስመር ዳኛ የለም፤ ተጫዋቿ በራሷ በኩል ያረፈችውን ኳስ ራሷ ትፈርዳለች። የመጨረሻዋ ኳስ ፊት ለፊቴ አረፈች። መስመሩን ስትነካ አይቻለሁ። ሐያት ግን «ወጥታለች» ብላ ጣቷን አነሳች። ሲሚንቶ ሜዳ ምልክት አይዝ፣ ተጋጣሚዋ ልጅ ምን ታድርግ? አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጠየቅኳት።

«ኧረ እማ፣ ወጥታለች አልኩሽ እኮ!»

«ወላሂ በይ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ነገ ዋናው ውድድር ይጀምራል። ከቤት ሳትወጣ ሁሌም «ዱዓ አድርጊልኝ» ትለኛለች። ነገ ምን ብዬ ላድርግላት?