ከዴዝሞንድ ጀልባ አጠገብ

የኔ ልጅ ሮዌና፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ አስቸግሮታል።

ቅዳሜና እሁድ በውሃ ቦይ ላይ የሚነዱ ጀልባዎች ባለቤቶች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ነበርን። አባትሽ ከጓደኛው ከዴዝሞንድ ጋር ከተኳረፈ ወዲህ ለመሄድ እሺ ብሎ አያውቅም፤ ዘንድሮ ግን ራሱ «ልታረቀው ነው፣ ተነሽ!» አለኝ። ሙዚቃው ደምቆ፣ ቋሊማ እየተጠበሰ ደረስን። የዴዝሞንድ ሚስት ዊኒፍሬድ ከጀልባዋ ወጥታ፣ «ዴዝሞንድ በገና በዓል ሰሞን ሞተብኝ። በየዓመቱ እኮ አጠገቡ ቦታ ይይዝልህ ነበር፣ አንተ ግትር!» አለችው።

እሁድ ጀልባዎቹ ባንዲራ ለብሰው ሲሰለፉ፣ አባትሽ የኛን ትቶ የዴዝሞንድን ነዳላት። መነጽሩን ደጋግሞ ይጠርግ ነበር።

እባክሽ ለወንድምሽ ደውይለት፤ እሱ ይጀምር አትበይ። እግዜር የሁለታችሁን ሳቅ አብሮ ያሰማኝ።

እናትሽ