ዝም ያለ ሰው ድርሻ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለላቮን፤ እንደምን ከርመሻል? የአላስካው ብርድ እንዴት አደረገሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃ ላይ ያስቸግርሻል? ባልሽ ኦርቪልስ ከባሕር በደህና ተመለሰልሽ? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ውሸቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ሚስቴ አርዲስ ታማብኛለች፤ ያሳመማትም የእኔው ስንፍና ነው።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ የአይብ ፋብሪካችን ለመጪው ዓመት የጤና መድን የምንመርጥበት ሁለት ሳምንት ይሰጠናል። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምንም መርጬ አላውቅም፤ ዝም ስል የአምናው ይቀጥልልኝ ነበር። ዘንድሮም ወፍራም ፖስታ ሲሰጡኝ ሳልከፍተው ብርቱካንማው የአደን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ምርጫው የሚዘጋው የአጋዘን አደን በሚከፈትበት ዋዜማ ነው፤ ያን ሰሞን እዚህ አገር ስለ ሌላ ነገር የሚያስብ ወንድ እንደሌለ መቼም አትረሺውም። የሥራ ጓደኛዬ ቨርን፣ «አንተ፣ ዘንድሮ ተቀይሯል አሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግባና ጨርስ» ቢለኝ፣ «ባክህ አትነዝንዘኝ፣ ያው የድሮው ነው» ብዬው ጫካ ገባሁ። ትልቅ አጋዘን ጥዬ እየፎከርኩ ተመለስኩ።

ለካ ዘንድሮ ዝም ያለ ሰው የሚመደበው ርካሹ መድን ላይ ኖሯል፤ ያውም ለሠራተኛው ብቻ። ጥር ላይ አርዲስ ለቁርጥማቷ በየስድስት ሳምንቱ በደም ሥሯ የሚሰጣትን መድኃኒት ልትወስድ ብትሄድ፣ «ስምሽ የለም» ብለው መለሷት፤ ከኪሳችን እንዳንከፍል የአንድ ጊዜው ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋን ለመንኳት። «የኔ ወንድም፣ ልጅ ካልተወለደልህ ወይ አዲስ ካላገባህ፣ እስከሚመጣው ኅዳር ምንም መንካት አልችልም» አለችኝ። ይህን ለአርዲስ ስነግራት፣ «እንግዲያው ልውለድልሃ!» ብላ ሳቀች፤ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ነቀዘ።

ጣቶቿ አብጠው አልታዘዝ ብለዋታል። ጠዋት ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ የምቆልፍላት እኔ ነኝ።

እህት ዓለም፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ለአርዲስ ፋብሪካው ሳያሳውቀን ቀየረው ብዬ ዋሽቻታለሁ። እሷም አምናኝ ቤተ ክርስቲያን ላገኘችው ሁሉ፣ «ቬርሊንዬን እንዲህ ጉድ ሠሩት!» እያለች ስትሟገትልኝ ከረመች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ወለል ወለሉን አያለሁ። ዛሬ ነገ እነግራታለሁ ስል ሁለት ወር አለፈ፤ አፈርኩ።

ትናንት በረዶ ልጠርግ ብዬ ያንን ካፖርት ለበስኩት። እጄን ኪሱ ስከት ፖስታው እዚያው አለ፤ ግን ተከፍቷል። እኔ አልከፈትኩትም። ጠርዙ ተቦጫጭቋል፣ ጣቱ እሺ ያላለው ሰው እንደከፈተው ያስታውቃል። አንብባ መልሳ ከታዋለች። መቼ እንዳገኘችው አላውቅም፤ ባለፈው እሑድ እንኳ ለፓስተሩ ስትሟገትልኝ ነበር። ማታ የአጋዘን ሾርባ አቅርባልኝ፣ «ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለችኝ።

ኦርቪልን አንገቱን አቅፈሽ ሳሚልኝ። ልጅሽን ዳርላን፣ አጎትሽ ናፍቆሻል በያት። ያቺን አሮጊት ውሻችሁንም ጆሮዋን እከኪልኝ። አርዲስም ሰላም በልልኝ ብላለች፤ ዘንድሮ ከታች እንደ ልማዷ በራሷ እጅ ያልጻፈችልሽ ብዕር መያዝ ስላቃታት ነው።

ወንድምሽ ቬርሊን
ሰሜን ዊስኮንሲን፣ መጋቢት 4 ቀን