ስክሪኑ ላይ የታዩት የወንዝ ቁጥሮች

ውድ ቨርሊን፣

ዛሬ ጠዋት ማስተካከያዬን ከኮምፒውተር ማሽኑ ላይ አንስተህ የድሮውን ፕሮግራምህን መልሰሃል። የወንዝ መዝጋቢዋ ኦቲሊ ሃንሰንም ከሥራ እንደታገደች ናት።

የኦቲሊን ሥራ ታውቀዋለህ። በዝናብ ወቅት የመለኪያ ጣቢያዎቹ የሳክራሜንቶ ወንዝን ከፍታ በስልክ ይነግሯታል፤ እሷ ከማሽኑ ጋር በተያያዘው ተርሚናል ኪቦርድ ላይ ትጽፋለች። ማሽኑ ሥራ በዝቶበት ሲንቀራፈፍ፣ ሁላችንም እንደምናደርገው፣ አትጠብቀውም፤ ጽፋ ትቀድመዋለች። ባለፈው ሳምንት ጎርፉ ሲመጣም ያንኑ አደረገች። የአራት ጣቢያዎች ቁጥር ከመዝገቡ ጠፋ። አለቆቿ "አልጻፍሽም" አሏት። "በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ነበር" አለች። የሰማት የለም።

እኔ ግን አምናታለሁ። የተጻፈው ፊደል ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ማሽኑ እስኪያነበው ድረስ ግን ማቆያ ውስጥ ይጠብቃል። ማቆያው የሚችለው 256 ፊደል ነው። አንድ ሲጨመርበት ፕሮግራምህ የያዘውን ሁሉ ይደፋዋል፤ ለጻፈው ሰው ምንም አይነግርም። የእኔው የገባውን ያቆያል፣ ትርፉን አይቀበልም፣ ደወል ያሰማል። ልዩነታችን ይኸው ነው።

ሰኞ ስለ ማስተካከያዬ ልነግርህ ቢሮህ ስመጣ ሳቅክብኝ።

"ሠላሳ ተርሚናል ባለበት ክፍል ደወል? ደወል እያሰማ የሚዞር የአይስክሬም መኪና ልታደርጊው ነው?"

"ይጩህ። ቢያንስ ሰው እጁን ይሰበስባል።"

"ስሚ ሮዌና፣ ማሽኑን የሚቀድም ሰው የራሱ ጉዳይ ነው።"

"አንተስ? ጽፈህ ጽፈህ ቡና ልትቀዳ ትወጣ የለም እንዴ?"

"እኔ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ።"

"አንተማ የጻፍከው ነህ። እሷ በምን ትወቅ?"

ወረቀትህን ማገላበጥ ጀመርክ። መልስህን ዛሬ ከማሽኑ ላይ አገኘሁት።

ሥራውን ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ አልክድም። ማስተካከያዬን ግን አልተውም፤ ስሜንም ከላዩ አላነሳም። የድሮውን መመለስህንም አልቃወምም። እንዲያውም እስከ አርብ እንዳትነካው።

አርብ የኦቲሊ ጉዳይ ከተርሚናል ክፍሉ በላይ ባለው አዳራሽ ይታያል። አለቆቿን ወደ ታች አወርዳቸዋለሁ። ማሽኑ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት የጠፉትን ቁጥሮች በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ፣ በአንተው ፕሮግራም። ስክሪኑ ላይ ያዩዋቸዋል። ከዚያ መዝገቡን ከፍተው ይፈልጓቸው።

ወንበር ይዤልሃለሁ። ኦቲሊ ትመለስ ወይስ ትሰናበት የሚለው ውሳኔ የዚያኑ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ይነገራል።

ሮዌና