የመጀመሪያው ብርሃንና የአባባ ጥሪ

ይድረስ ለእህቴ ለሚታ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የእንግሊዝ አገር ብርድ ጉልበትሽ ላይ አልጠናም? ባለቤትሽ ፒተርና ትንሿ ሊዝልስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም።

በስልክ "አባባ ሲሞት የት ነበርክ?" ብለሽኝ ነበር። እንግዲህ በጽሑፍ ልንገርሽ።

ያን ማክሰኞ መሥሪያ ቤታችን ሜዳ ላይ ሽቦ እየወጠርን፣ ከጠፈር የሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ የሚያዳምጡትን ትልልቅ ሳህኖች ስንሠራ ነበር። መሣሪያው የሚያዳምጠው እጅግ ደካማ ድምፅ ስለሆነና ስልክ ስለሚረብሸው፣ ስልካችንን በር ላይ አስረክበን ነው የምንገባው። ምሳ ሰዓት ላይ አለቃችን ዶክተር ኖምቩዮ ምን እንደምንፈልግ አስረዳችን። ድሮ፣ ከዋክብት ሳይኖሩ፣ ጠፈሩ ሁሉ እንደ ጉም በጋዝ ተሞልቶ ጨለማ ነበር አለች። ከዚያ ትንንሽ ጋላክሲዎች ተወለዱ። ብርሃናቸው በዙሪያቸው ያለውን ጉም እየበላ እንደ አረፋ ክብ ክብ አድርጎ አጠራው። እነሱ እየተዋሃዱ ሲያድጉ አረፋዎቹም ሰፍተው ተገናኙ፤ ብርሃን ያኔ መንገድ አገኘ። ጉሙ ያሰማው የነበረው ቀጭን የሬዲዮ ድምፅ ዛሬም ይደርሰናል፤ ብርሃኑ ባጠራው በኩል ግን ዝም ነው። "እኛ የምንፈልገው ያንን ዝምታ ነው" አለች።

የሥራ ባልደረባዬ ዲርክ ቀበል አድርጎ፣ "ዝምታማ እኛ ቤት ሞልቷል! ሚስቴ ካኮረፈች ሁለት ሳምንቷ። ምናለ አንዱን ሳህን እዚያ ብትተክሉት?" አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። አባባ ያን ሰዓት ሞቶ ነበር።

ስወጣ ስልኬን ሳየው አባባ ሦስት ጊዜ ደውሎልኛል። ቤት ስደርስ ጎረቤታችን እትዬ ግሪት በብርድ ልብሱ ሸፍነውታል። አንድ እግሩ ላይ ጫማ ነበረ። ደረቱን ድንገት ይዞት፣ አምቡላንሱ ሳይደርስ አለፈ አሉኝ። ከማለፉ በፊት እሳቸው ለአራተኛ ጊዜ ሊደውሉልኝ ሲሉ፣ "ተዪው ግሪት፣ እግዜር ብርሃን ይሁን ሲል ሊሰማ ሄዷል፤ አሁን ብትጠሪው ያመልጠዋል" አላቸው አሉ።

ቅዳሜ ቀበርነው። አላለቀስኩም፤ ሰው ሳይታዘበኝ አይቀርም። ዶክተር ኖምቩዮ ቀብር መጥታ "ወር ሙሉ እረፍ" ብላኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ ምን እንደምሠራ ስላላወቅኩ ሰኞ ገባሁ። እጄ ሽቦውን ያስራል፤ እኔ አያለሁ።

ሚታ፣ ብትወቅሺኝ አይከፋኝም። ከሜዳው እስከ ቤት ከአንድ ሰዓት በላይ መንገድ ነው፤ ስልኩ ኪሴ ቢሆንም አልደርስም ነበር። ድምፁን ግን እሰማ ነበር።

ፒተርን ሰላም በይልኝ፤ ሊዝልን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እትዬ ግሪት፣ ዲርክና ከባሏ የታረቀችው ሚስቱም እግዜር ያጽናሽ ብለውሻል።

ወንድምሽ ሳረል
ካርናርቮን፣ ደቡብ አፍሪካ
ጥቅምት 22 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.