ከስልኩ የወጣው ቃል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ያ ክፉ ወገብህስ ተሻለው? ባለፈው ስትደውል ሳል ሳል ይልህ ነበር፤ እማዬን "ብርድ ነው" ብለህ አለፍካት፣ እኔን ግን አላታለልከኝም። ባለቤትህ እንዴት ናት? ትንሿስ ያን ጥርሷን ነቀለች ወይስ አሁንም በምላሷ እየገፋች ታስለቅሳችኋለች? እኛ ደህና ነን። ይኸው ደህና ነን ብዬ ጻፍኩ፤ ሰው ደብዳቤ ሲጀምር የሚለውን ልበል ብዬ ነው እንጂ ደህናስ አይደለንም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። የቤታችንን ልማድ ታውቃለህ፤ አንተ ስትደውል ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፣ ድምፁ ይከፈታል፣ ማንም እንዳይቀርበት ሁላችንም ከበን እንሰማለን። ለብቻዬ ጆሮዬ ላይ ልለጥፈው ብል እማዬ ምን የምትደብቂው አለ ትለኛለች። የምነግርህን ደግሞ የእህታችን የእትዬ ባል እንዲሰማው አልፈልግም። ስለዚህ ወደ እናንተ ለሚመጣው መካኒክ ጎረቤታችን በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ያደርስልሃል። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የሜትሩን ነገር ሰምተሃል። አብረኸው ስትሠራ ያ ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ "ሲተኛም አያወልቀው" እያልክ የምትስቅበት ጨርቅ ቆራጭ። ሚስቱ ከአንድ ሾፌር ጋር ትሄዳለች የሚል ወሬ ሰማ፣ ሥራውን ጥሎ ወጣ፣ ልጆቿ ከትምህርት ቤት ሳይመለሱ በቢላ ገደላት። አንጀቴን ነው የቆረጠችው። ምሳውን ልታደርስለት ስትመጣ ሳቋ ከደረጃው ሥር ይሰማ ነበር።

እኔ ሞኟ ሰው ሁሉ ያለቅሳል ብዬ ነበር። በማግስቱ ስፌት ቤት ስገባ ወሬው ሁሉ ስለ እሷ ነው፤ ግን ስለ መሞቷ አይደለም። ቀሚሷ ያጥር ነበር ተባለ፣ ስልኳን ትደብቅ ነበር ተባለ። ዚፕ የምትሰፋዋ ሴትዮ፣ ያቺ ጉንዳን ላለመርገጥ የምትጠነቀቀው፣ እሳት በሌለበት ጭስ የለም ብላ ክሯን በጥርሷ በጠሰችው። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው ተከፍቶ ሰው እየደወለ አስተያየት ይሰጣል፤ አንዱ መግደሉስ ጥፋት ነው አለና "ግን" ብሎ ቀጠለ። እኔ እስክወርድ ድረስ "ግን"ን አልጨረሰም።

ሰው ሲታመም ወይም ሐዘን ሲደርስበት ድርሻውን ተከፋፍለን እንደምንሠራለት መቼም አልረሳህም፤ ሳንባ ምች ጥሎህ በነበረ ጊዜ ላንተም ሠርተንልሃል። ይኸው አሁን እስር ቤት ላለው ለሜትሩ ይሠሩለታል። ጨርቁን ተከፋፍለው ይቆርጡለታል፣ ጠረጴዛውን በየጠዋቱ ይወለውሉለታል፣ ጉንፋን ይዞት የቀረ ይመስል "እስኪመለስ" ይባልለታል። እኔም የደረሰኝን መለስኩ። ለልጆቿስ ማን ይሥራ ብዬ ብጠይቅ አለቃችን ነገር አታክርሪ አለኝ። ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዬ አጠገብ የሚቀመጥ የለም። ምላሰ ስለት ትለኝ የለ፣ ብቻዬን ሆኜ እስለዋለሁ።

ድርሻውን እንሥራለት የሚለውን ሐሳብ ማን ያመጣው ይመስልሃል? ካውያ ላይ የሚቆመው የእትዬ ባል ነው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። የዚያን እሁድ ስትደውል እማዬ ግድያውን ነገረችህ። አንተም "ወንድ ልጅ ሚስቱ ከወሰለተችበት ምን ያድርግ? እኔም ብሆን ራሴን አላውቅም" አልክ። ደክሞህ ነው፣ ወሬውን ለመዝጋት ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። አንተ ዶሮ ሲታረድ ፊትህን የምታዞር ሰው ነህ። ግን ሁላችንም ነበርን። ሳህን ታነሳ የነበረችው እትዬ እጇ እዚያው ቀረ። ባሏ ራሱን ነቀነቀና የስልኩን ድምፅ ጨመረው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው ወንድም ጋሼ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ አንተ አልሰማህም እንጂ ስፌት ቤቱ የሚምለው በስምህ ነው፤ ያሠለጠንካቸው ሁሉ "ጋሼ እንኳ ብሏል" ይላሉ። የእትዬ ባል ቤት ሲገባ "ወንድምሽ ያለውን እንዳትረሺ" ይላታል። አይጮህም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ሻጭ ጋር ስትስቅ አየኋት ብሎ ነው የጀመረው። አሁን ካውያውን እንደጋለ ትቶ በቀትር ቤት ይሄዳል፣ አለቃውም የት ነበርክ አይለውም። ማን መጣ፣ ማን ደወለ እያለ ልጁን ይጠይቀዋል። ባለፈው ሳምንት የመኝታ ቤቱን የውስጥ መቀርቀሪያ ፈቶ ወሰደው። ዛገ አላት። እኔ አይቼዋለሁ፣ አልዛገም።

እውነት አለው ወይ ልትለኝ ነው። አልጠየቅኳትም፤ አንተም እንዳትጠይቃት። ቢኖርስ? አልስማማ ላለ ፍቺ አለ፣ ሻንጣ አለ፣ በር አለ። እማዬ ቻይው ይበርድለታል ትላለች። እትዬ ደግሞ ወደ እማዬ ቤት ብመጣ ጥፋቷን አመነች ይሉኛል ብላ እዚያው ተቀምጣለች። ፈርቻለሁ ወንድሜ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊነግሩኝ የመጡ ይመስለኛል።

እሱ የሚያፍረው ሰው ቢኖር አንተን ነው። ሥራ ያስያዝከው አንተ፣ እህትህንም የዳርክለት አንተ። እሁድ ስትደውል ስልኩ እንደ ልማዱ ጠረጴዛው መሃል ይሆናል፤ እሱም ይኖራል። ለብቻው ጠርተህ አትምከረው፤ ሁላችን እየሰማን የተናገርከውን ሁላችን እየሰማን አንሳው። ተሳስቻለሁ በል። እትዬ ልጇን ይዛ እማዬ ቤት ትግባ፣ ያልኩት እኔ ነኝ በል። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እወጣዋለሁ፤ ሻንጣውን የምሸከመው እኔ ነኝ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ የዚህን ደብዳቤ ነገር ግን አታውቅም። የእትዬ ልጅ አጎቴን ሳሚልኝ ብሏል፣ ቁመቱ ጠረጴዛውን አልፏል። የእትዬ ባልም ስምህን ሳያነሳ አይውልም፤ እሱን ሰላምታ ካልከው። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ።

እትዬን ለወንድም ጋሼ ምን ልበልልሽ አልኳት። የልጇን ካልሲ አጣጥፋ ጨረሰች። ከዚያ "ባሌ እኔን የገደለኝ ቀንም ወንድም ጋሼ እንደዚያው ይል እንደሆነ ጠይቂልኝ" አለችኝ።

ታናሽ እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ማክሰኞ መጋቢት 4