ስለ ተማሪ አንደርስ ትቬት ዕረፍትና ስለ ቁጥሮቹ

ከሊንደን ፕሬሪ ኮሌጅ የስፖርት ማኅበር፣ ሚኒሶታ
ኖቬምበር 19 ቀን 1908

በኮሌጃችን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በግራ በኩል ኳስ ይዞ ሯጭ የነበሩት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አንደርስ ትቬት፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 14 በሜዳችን በደረሰባቸው የጭንቅላት ጉዳት ሰኞ ማለዳ በሃያ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን የተሰማውን መሪር ሐዘን ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪ ይገልጻል። ከሐዘኑ ጋር ስጋትም ይዞናል፤ ይህ መግለጫ በሦስት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ተረቅቆ አራት ጊዜ የተቀደደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተማሪ አንደርስ ከአባታቸው ከአቶ ኦላቭ ትቬትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉንሂልድ በስንዴ እርሻ ላይ ተወልደው አደጉ። በ1906 ኮሌጃችንን ተቀላቅለው ሒሳብ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ተጫዋችና ቀልደኛ እንደነበሩ የማያውቅ በግቢያችን የለም።

በ1907 ቡድኑ በተከታታይ ተሸንፎ ሊበተን በደረሰበት ጊዜ የምልክት ቁጥሮችን የማውጣቱን ሥራ ተረከቡ። ሜዳ ላይ ቁጥር ሲጠራ ሩጫው በየት በኩል እንደሆነ የሚያውቀው የራሳችን ቡድን ብቻ ነው። ተጋጣሚ እንዳይለምዳቸው ተማሪ አንደርስ ቁጥሮቹን በየሳምንቱ እየቀየሩ፣ ሰኞ ሰኞ አዲሱን ዝርዝር አስራ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን ያስጠኑ ነበር። ሳያጠና የመጣውን «ሰላሳ ላም በስም እየጠራህ አምስት ቁጥር ያቅትሃል?» ይሉት እንደነበር ጓደኞቻቸው ያስታውሳሉ።

ኦክቶበር 3 ቀን 1908 ቡድናችን የውድድር ዘመኑን አስራ አንድ ለዜሮ በማሸነፍ ከፈተ። ለድሉ የተማሪ አንደርስ ቁጥሮች ድርሻ ከፍተኛ ነበር።

ኦክቶበር 24 ተማሪ ፍሪትዝ ኦልከ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ወደቁ። በጨዋታው ደንብ አንዴ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ አይገባም፤ ቡድናችን ደግሞ ያለው ሁለት ተቀያሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ ነበር። የወደቀው ሰው የዕለቱን ቁጥር ይጠየቃል፤ ከመለሰ ይቀጥላል። ተማሪ ፍሪትዝ በትክክል መልሰው እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። ማኅበራችንም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አመሰገናቸው፤ ልማዱንም ጭምር አመሰገነ።

ኖቬምበር 14 ከእረፍት በፊት ተማሪ አንደርስ ከተጋጣሚ ጉልበት ጋር ተጋጭተው ወደቁና ወዲያው ተነሡ። የቡድኑ አምበል ተማሪ ሉሺየስ ብራምሆል እንደ ልማዱ የግራው ሩጫ ስንት እንደሆነ ጠየቋቸው። ሳያቅማሙ «ሰላሳ ሁለት» አሉ። የዕለቱ የግራ ሩጫ ቁጥር አስራ ዘጠኝ ነበር። ሰላሳ ሁለት ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ የግራ ሩጫ ቁጥር ነበር፤ ኖቬምበር 14 ግን ወደ ቀኝ ለሚደረገው ሩጫ ተሰጥቶ ነበር። አምበሉ በጽሑፍ በሰጡን ቃል ቀጥሎ የሆነውን እንዲህ ብለዋል፦

«‹ያለፈውን ሳምንት ነው የነገርከኝ› አልኩት። ‹ቁጥሩን የማወጣው እኔ፣ የምታርመኝ አንተ› አለና ሳቀ። እኛም ሳቅን።»

ከመስመሩ ዳር የቆምን ሁለት የማኅበሩ አባላትም ሰምተናል። እኛም ስቀናል። ቁጥሮቹን ያወጡት ሰው ቁጥሮቹን መርሳታቸው ሊያስደነግጠን ሲገባ፣ መቀለዳቸውን የጤና ምልክት አድርገን ወሰድነው። ጥቂት ቆይቶ ሰላሳ ሁለት ተጠራ። መንገድ የሚከፍቱላቸው ጓደኞቻቸው ወደ ቀኝ ሲሄዱ ተማሪ አንደርስ ኳሱን ታቅፈው ብቻቸውን ወደ ግራ ሮጡ። ሦስት ተጋጣሚዎች ተቀበሏቸው። ከዚያ በኋላ አልነቁም።

አምበሉ ከሰኞ ወዲህ ክፍል አልገቡም። ማንም ጣቱን እንዳይቀስርባቸው አጥብቀን እንለምናለን። ልማዱን አይቶ ያጸደቀው ማኅበራችን ነው፤ ተጠያቂነቱም የማኅበራችን ነው።

ትናንት ከቀብር ሥነ ሥርዓቱ በኋላ አቶ ኦላቭ ትቬት የሆነውን ሁሉ ከአምበሉ አንደበት ቆመው ሰሙ። አልተቆጡም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ልክ ቢመልስ ኖሮስ?»

መልሱን ያገኘነው ወደ ግቢ ስንመለስ ነው፤ ካገኘነው ጀምሮም ዕረፍት አጥተናል። በትክክል የመለሱት ተማሪ ፍሪትዝ ከዚያን ዕለት ወዲህ ብርሃን አስቸግሯቸው በክፍል ውስጥ መጋረጃ እንዲዘጋላቸው ይጠይቃሉ። ሁለት ጊዜም ሦስት ዓመት የተመላለሱበት የትምህርት ክፍል ጠፍቷቸው ሰው መርቷቸዋል። መምህራን ይህን ነግረውን ነበር፤ እኛ ግን ከጥናት ብዛት ነው ብለን በመጪው ሳምንት በምስጋና ቀን በዓል ለሚደረገው ጨዋታ ስማቸውን በመጀመሪያው ረድፍ አስፍረን ነበር።

የቀድሞ ተማሪዎች የምስጋና ቀን ጨዋታ ለተማሪ አንደርስ መታሰቢያ እንዲካሄድ በደብዳቤ ጠይቀውናል። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ጨዋታው ግን አይደረግም። የዘንድሮው የውድድር ዘመን በዚሁ ተዘግቷል። ወደፊት ቡድን ይኑረን አይኑረን ዛሬ ለመናገር አንችልም።

ለአቶ ኦላቭ፣ ለወይዘሮ ጉንሂልድ፣ ለሟች እህቶችና ለቡድኑ ባልደረቦች በሙሉ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጣቸው እንመኛለን። ለተማሪ አንደርስ ወላጆች ደግሞ ከማጽናናት ሌላ ይቅርታ የመጠየቅ ዕዳ አለብን፤ በአካል ቀርበን እንጠይቃለን።

የከተማው ሐኪም ዶክተር ሄንድሪ ነገ ከቁርስ በኋላ በስፖርት አዳራሹ ይገኛሉ። በዚህ ዓመት ሜዳ ላይ ወድቀው ቁጥር የተጠየቁ ተጫዋቾች ሰባት ናቸው፤ አንዱን ቀብረናል። የቀሩት ስድስቱ ሳይቀሩ እንዲመጡ በጥብቅ እናሳስባለን። በትክክል የመለሱትም ጭምር።