የጎረቤቴ ሰነፍ ካንሰር

ሰኞ

የአለምነው ካንሰር ሰነፍ ነው አሉ። ከባሕር ዳር ተመልሶ ለገዢው ሁሉ ሲያወራ ዋለ። «ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነው፤ በየስድስት ወሩ እየተመረመርህ ኑር አሉኝ።» ቡሬ ገበያ ጎን ለጎን በርበሬ ስንሸጥ ስንት ዓመታችን! የእሱ ይቀላል፣ የኔ ይጠቁራል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለታችንም ላይ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘ፤ አሁን በሽታው እንኳ ለእሱ ጨዋ ሆነለት። የኔ ሰነፍ ይሁን ክፉ አልለይ ብሎ ናሙናው አዲስ አበባ ተልኳል።

ማክሰኞ

በደም ምርመራው የእሱ ቁጥር ከኔ ይበልጣል። በዓይኔ አይቻለሁ። ብዙ ያለው እሱ፣ የሚፈራው እኔ! ናሙናችን ተቀያይሯል። ለባለቤቴ ለከድጃ ነገርኳት። «ሰውዬ፣ ለጎረቤትህ ክፉውን ትመኛለህ?» አለችኝ። አዎ፣ ተመኘሁ። እራትም አልበላሁ።

ሐሙስ

ባሕር ዳር። ሐኪሟን «ተቀያይሯል» አልኳት። አልተቆጣችም፤ የደምበጫ ገበሬ ልጅ ናት። «አባቴ፣ ናሙናው የእርስዎ ነው፤ ደግሜ አይቻለሁ። የደሙ ቁጥር በረት ውስጥ በሬ እንዳለ ነው የሚነግረን፤ ይዋጋ አይዋጋ አይነግረንም። ጠባዩን የሚያሳየው ምልክት ያለው ለናሙና ከወሰድነው ሥጋ ላይ ነው። አዲስ አበባ የላክነውም ያንን እንዲፈልጉልን ነው።»

ገባኝ። ቅናቴ ግን አልበረደም። ለምን የእሱ በሬ ብቻ ይተኛል?

ሰኞ

ውጤቱ መጣ። የኔው ተዋጊ ነው። ገና ከቦታው አልወጣም፣ ቶሎ ቀዶ ጥገና ይደረግ ብለዋል።

አለምነው ሱቄ ድረስ መጣ። ሊያጽናናኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ።

«ሰይዴ፣ ቀናሁብህ እኮ» አለኝ። «ያንተን ነቅለው ይጥሉልሃል። እኔ ግን ታቅፌው ልኖር ነው። ሌሊት እየባነንሁ፣ ነቅቶ ይሆን እላለሁ።»

ለካ ያን ሁሉ ያወራው ፈርቶ ነው።

ረቡዕ

ሆስፒታል ገብቻለሁ። ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ፍርሃት አላስቀምጥ ብሎኝ ኮሪደሩን ስመላለስበት ነበር።

ከድጃ ልትመጣ ስትሰናዳ ደወለች። አለምነው የራሱን ሱቅ ዘግቶ የኔን ከፍቶ ውሏል። ከመስከረም ጀምሮ አልሸጥ ያለኝን ጥቁሩን በርበሬ ሸጦ ጨረሰው! በኔ ሱቅ፣ በኔ ሚዛን! ምን ብሎ ሸጠው?

ስልኩን ዘግቼ ስበግን ቆየሁ። ነርሷ «ምን ሆኑ?» ብትለኝ «ጎረቤቴ ነው» አልኳት። ያ ሁሉ ፍርሃት የት እንደገባ እንጃ። ኢንሻአላህ፣ ምን ብሎ እንደሸጠው ሳልጠይቀው አልሞትም።